የወንዝን ዳር ስለ መጠበቅ

ውሃ መሬትን የሚበላው በባሕር ዳር ብቻ አይደለም፤ በወንዝም ዳር ይበላል። ለዚህም የይፋት ቆላ ምስክር ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማ በር አፋፍ የሚወርደው ጎርፍ በሮቢና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ፥ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ሲደርስ፥ ያመጣውን ድንጋይና አሸዋ ጥሎ የወንዙን መውረጃ ይሞላዋል፤ መሄጃውም ሲጠበው ዳሩን ቦርቡሮ የገበሬውን ማሳ ይወስዳል።

ይህንንም ጥፋት ሰው ያፋጥነዋል። እስከ ወንዙ አፋፍ የሚያርስና የዳሩን ዛፍ ለከሰል የሚቆርጥ ሰው ለጊዜው አንድ ትልም ቢያተርፍ ኋላ እርሻውን ሁሉ ያጣል። የድንጋይ ግንብም ብቻውን አይበቃም፤ አንዱን ዳር ቢያድን የጎርፉን ኃይል ወደ ማዶ ይመልሰዋልና።

ስለዚህ ሹማምንት የደጋውንና የቆላውን ሥራ አንድ አድርገው፥ ከላይ እርከንና ክትር ሊያሠሩ፥ ከታችም የወንዙ ዳርቻ ሳይታረስ ሣርና ዛፍ እንዲበቅልበት ሊያስከብሩ ይገባል፤ መሬቱ ለሚቀነስበትም ድኻ ምትክ ማሰብ የእነርሱ ፈንታ ነው። በየደብሩ ቅጥር ዛፍን ጠብቀው ያቆዩ ካህናትም ይህንኑ ለሕዝቡ ቢያስተምሩ ቃላቸው ይሰማል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የሚበጀው ዳሩ ሳይናድ በበጋ መሥራት ነው።