ጉበት የሚጠጥረው በመጠጥ ብቻ ነውን?



በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ሐኪሞች «ሲሮሲስ» ስለሚሉት የጉበት መጠጠር እንነጋገራለን። ጉዳዩን እንድናነሳው የገፋፋን የተለመደ ሐሜት ነው። አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እግሩ አብጦ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሲታይ «ተደብቆ ይጠጣ ኖሯል» ይባልበታል። በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ይህ ቃል ከሕመሙ ባላነሰ ያቆስላል። በሽተኛው ስሜ ይጠፋል ብሎ ይሸሽጋል፤ ቤተሰቡም ሆስፒታል ከመውሰድ ይልቅ በር ዘግቶ ያስታምማል። ሊድን የሚችለው ሰው የሚያመልጠን በዚህ መካከል ነው።

አልኮል ጉበትን እንደሚያበላሽ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ጠላም ሆነ አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም ጉበቱ ሊጠጥር ይችላል። በአገራችን ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖሩ ነበር። አብዛኛዎቹ መያዛቸውን አያውቁም።

ጉበት በቀኝ የጎድን አጥንታችን ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ብልት ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም በእርሱ በኩል አልፎ ይጣራል። ቫይረሱ ለዓመታት ሲያቆስለው ቁስሉ በዳነ ቁጥር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ለስላሳው ጉበት ይጠጥራል፣ ይኮማተራል። ያን ጊዜ ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ይሆናል፤ ደሙ ማለፊያ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ውሃው ሆድ ውስጥ ይቋጠራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ያሉት ደም ሥሮች ይወጠሩና ሊፈነዱ ይችላሉ። ደም ማስታወክ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር ወይም በሽተኛው መዘባረቅ ከጀመረ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ክፋቱ፣ እዚህ እስኪደርስ ድረስ ጉበት ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝም ሊል ይችላል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ በጎልማሳነቱ የተያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይላቀቀዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት መመርመሯ ትልቅ ነገር ነው። ምላጭ መዋዋስ፣ ባልተቀቀለ ስለት መገረዝ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት ወይም ሒጃማ በአንድ ስለት ለብዙ ሰው መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ በር ከፋቾች ናቸው። ሐጅና ዑምራ የሚሄዱ ወገኖቻችንም ጸጉራቸውን ሲላጩ ምላጩ አዲስ መሆኑን ያረጋግጡ። በአንጻሩ በአንድ ማዕድ መብላት፣ መጨባበጥ፣ ጎን ለጎን መስገድ በሽታውን አያስተላልፉም። የበሽተኛውን ሳህን የሚለዩ ቤተሰቦች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ጫትም ነገር አለው። በሐረር ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጫት ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥና አደጋው በሚቃመው መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል። «ጫት ከመጠጥ ይሻላል» እያሉ ለሚጽናኑት የምንለው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሸሕዲና ወደ መተማ ቆላ እንለፍ። በዚያ አካባቢ ሆድ ያበጠበትን ሰው ሁሉ የጉበት በሽተኛ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶች ሌሊቱን በሜዳ፣ በግራር ሥርና በኩይሳ አጠገብ ያድራሉ፤ እዚያም የአሸዋ ዝንብ ትነድፋቸውና ካላዛር ይይዛቸዋል። ካላዛር ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ ጎን የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። ካልታከመ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ብዙዎች ይድናሉ። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ወባም ጣፊያን ያሳብጣል። እንግዲህ የሰሊጥ አጫጁን ወጣት «ወፍ ነው» ብሎ ቅጠል ማጠጣት፣ ወይም «ጠጥቶ ነው» ብሎ መተው፣ የሚድን ልጅ መቅበር ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ለወፍ በሽታ ከሚሰጡት ሥራ ሥሮች መካከል ራሱን ጉበትን የሚመርዙ ይገኛሉ።

ለሄፓታይተስ ቢስ ምን መድኃኒት አለ? ቫይረሱን ጨርሶ የሚያጠፋ እስካሁን የለም። ነገር ግን ቴኖፎቪር የተባለው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ቫይረሱን አስተኝቶ የጠባሳውን ጉዞ ይገታል። ሁሉም በሽተኛ ወዲያው አይጀምረውም፤ የሚወስነው ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና የሚሰጥ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ በዚያ ከሞቱት ታካሚዎች አብዛኞቹ ጉበታቸው ከደከመ በኋላ የመጡ ነበሩ።

ጉበቱ የጠጠረበት ሰው ጨው ይቀንስ እንጂ ሥጋና እንቁላል አይከልከል፤ ሰውነቱ ያስፈልገዋል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመዋጥ ይታቀብ። ሆዱ ውሃ የቋጠረ በሽተኛ ረመዳን ሲመጣ «ከጾሜ ከምቀር ልሙት» ማለት የለበትም፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓችን ፈቃድ ሰጥቶታልና ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተቀላቅሎ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ወጣቶች በልጅነታችሁ አላገኛችሁትም። በተለይ ኒካሕ ልታስሩ ያሰባችሁ ሁለታችሁም ተመርመሩ። አንዱ ቫይረሱ ቢገኝበት ጋብቻው ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ ሌላው በስድስት ወር ውስጥ የሚያልቀውን ሦስት ዙር ክትባት ይወስዳል።