ከሜዳ መውጣት ለምን ከበደን?



በቅርቡ ለጸሎት ኅብረት ከደባርቅ ወደ ዳባት ስንሄድ፣ በመንገድ ዳር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አየንና ጥቂት ቆም ብለን ተመለከትን። አብሮን የነበረ አንድ ወጣት ዓይኑን ከኳሷ ሳያነሣ፣ “ፓስተር፣ እኛኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠባባቂዎች ነን። አሟሙቁ ትሉናላችሁ፤ ግን አታስገቡንም” አለን። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ለጸሎት ስንንበረከክ ግን ንግግሩ አልለቀቀንም። ልጁ ቀልዶ አልነበረም።

ስለ ኳስ ከተነሣ፣ የአገራችን ታሪክ በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አለው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አራተኛዋን ጎል ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ጎሎች አስቆጥረዋል። በ1954 ዓ.ም. ያንን ቡድን ያሠለጠኑት ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እርሳቸውም ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ሰው ናቸው። መጫወት ሲያበቃ ሌሎችን አሠለጠኑ፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገሉ።

መንግሥቱም የአሠልጣኛቸውን መንገድ ተከተሉ። ጫማቸውን ሰቅለው አሠልጣኝ ሆኑ፤ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ተሰለፉ። እኛ ያኔ ገና ልጆች ነበርን። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ካሸነፈችው ከአልጄሪያ ጋር ግን 0 ለ 0 ተለያየ። አንድም ጎል ሳያስቆጥር ተመለሰ።

እስቲ አስቡት፤ በዚህ ውድድር 10 ጎል ያስቆጠረ ሰው ከመስመሩ ውጭ ቆሞ፣ ልጆቹ አንዲት ጎል ሲያጡ ያያል። ገብቶ ሊመታላቸው አይችልም። የአሠልጣኝ ሸክም ይህ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር የሚለው ሐሳብ ውስጡን እየበላው፣ ሜዳውን ለልጆቹ ይተዋል። ኢትዮጵያ ወደዚያ ውድድር የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው። ያ ጎል ያልተገኘበት ጉዞ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የገባን ዘግይቶ ነው።

ወጣቶቻችን የእንግሊዝን ኳስ ስለሚከታተሉ ማኑዌል ፔሌግሪኒን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ማንቸስተር ሲቲን ሻምፒዮን ያደረገው የቺሊ ሰው ነው። ቀድሞ ተከላካይ ነበር፤ የተጫወተውም ለአንድ ክለብ ብቻ፣ ለዩኒቨርሲዳድ ደ ቺሌ ነው። መጫወት ያቆመበትን ምክንያት ራሱ ሲናገር እንዲህ ነው፦ በአንድ ጨዋታ ግብ ጠባቂው የመለሰውን ኳስ በጭንቅላቱ ሊመታ ሲዘል፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከእርሱ በላይ ዘሎ ጎል አስቆጠረበት። ያን ጊዜ ጊዜው እንዳበቃ ተረዳ። ልጁ ኢቫን ዛሞራኖ ነበር፤ ኋላ ለሪያል ማድሪድ የተጫወተው። ፔሌግሪኒ አሠልጣኝነት ሲጀምርም ቀና አልሆነለትም። የሚወደው የራሱ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1988 የውድድር ዘመን በእርሱ እጅ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ይሁን እንጂ ሥራውን አልተወም።

ከበላያችን የሚዘል ልጅ ስናይ ምን እናደርጋለን? መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል። ሳኦል ሴቶቹ ለዳዊት የበለጠ ሲዘምሩ ሰማና ጦር ወረወረ (1ኛ ሳሙ. 18፥6–11)። ሙሴ ግን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንደማይገባ በተነገረው ጊዜ፣ ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይሆን ሰው እንዲሾም እግዚአብሔርን ለመነ። በሕይወት ሳለ በጉባኤው ፊት እጁን በኢያሱ ላይ ጫነ፤ ከክብሩም አካፈለው (ዘኁ. 27፥15–23)። ሳኦልም ሙሴም የተቀቡ መሪዎች ነበሩ። የለያቸው ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው የነበራቸው ልብ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ እኛ ጦር አንወረውርም። “ገና ልጅ ነው”፣ “ይጸለይበት”፣ “ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን” እንላለን እንጂ። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም ቃሉን ለማካፈል ሸክም እንዳለው ሦስት ጊዜ ነገረን። ሦስቱንም ጊዜ በእነዚህ ቃላት መለስነው። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ዛሬ በየትኛውም ኅብረት እንደሌለ እንሰማለን። ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ንስሐው የእኛ ነው።

“ታዲያ ያልበሰለውን ሁሉ መድረክ ላይ እናውጣ?” የሚል ይኖራል። አይደለም። ጳውሎስ አዲስ አማኝን እንዳንሾም፣ በማንም ላይ ፈጥነን እጅ እንዳንጭን አስጠንቅቋል (1ኛ ጢሞ. 3፥6፤ 5፥22)። ነገር ግን ያው ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ የሰማውን ለታመኑ ሰዎች እንዲሰጥ፣ እነርሱም ሌሎችን እንዲያስተምሩ አዟል (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። መጠንቀቅ ማለት ማሠልጠን ነው፤ ማስቀመጥ አይደለም። በስሜን ተራሮች እንግዳ ይዞ የሚወጣ ልምድ ያለው አስጎብኚ ጀማሪውን ሁልጊዜ ከኋላው አያስከትለውም። አንድ ቀን ከፊት ያስቀድመውና እርሱ ከኋላ ይሄዳል፤ ገደሉ ሲቃረብ ድምፁን ያሰማዋል። ጀማሪው መንገዱን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። በወር አንድ እሑድ መድረኩን ለወጣቶች እንስጥ፤ እኛም ከፊት ወንበር ተቀምጠን እንስማ። የተሳሳቱትን በጉባኤ ፊት ሳይሆን ሻይ እየጠጣን ለብቻቸው እናርማቸው። ስብከት ብቻ አይሁን፤ የቤት ለቤት ጥናቱን መምራት፣ የታመመን መጠየቅ፣ የመባውን ሒሳብ መያዝም በእጃቸው ይግባ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሊቢያው ቡድን ጎል ላያስቆጥሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዘለን ወደ ሜዳ አንግባ።

እናንተም ወጣቶች፣ ስትገቡ የምትሮጡበትን ሜዳ ሌሎች እንደ ጠረጉላችሁ አትርሱ። ዳዊት እንኳ ጦር በወረወረበት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም።

ዳባት መንገድ ላይ ለተናገርከን ወንድማችን፦ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ያንተ ነው። ተዘጋጅ። እኛ ከፊት ወንበር እየጸለይንልህ እንሰማሃለን።

ጌታ ሆይ፣ የሙሴን ልብ ስጠን፤ በእጃችን ያለውንም ጦር አስጥለን። አሜን።