ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ ፈረስ የተከበረ እንስሳ ነው። በጥምቀት ቀን ጐበዛዝቱ ጕግስ ሲጫወቱ ሕፃናት ከሜዳው ዳር ቆመው በመደነቅ ይመለከታሉ። በቀድሞ ዘመን ታላላቅ የጦር ሰዎች በፈረስ ስም ይጠሩ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ተባለ። ስለዚህ ብዙ ልጅ፦ «በፈረስ የተቀመጠ ሁሉ ጀግና ነው፤ ጀግና የሆነ ሁሉም ጦር መምራት ይችላል» ብሎ ያስባል። አባቶች ግን፦ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉ። ቃሉ አጭር ነው። ነገር ግን ይህን ያላስተዋለ የጦር አለቃ ብዙ ሰው ያስፈጃል።

የእንግሊዝ አገር ሰዎችም እንደ ጎጃም ሰዎች ፈረስ ይወድዳሉ። በቀድሞ ዘመን በዚያ አገር የፈረሰኛ ጦር መኰንን መሆን ትልቅ ክብር ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሐምሌ 1906 ዓ.ም.፥ ታላቁ የዓለም ጦርነት ተነሣ። (ከዚህ በኋላ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ያን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ አገር የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ዋና አዛዥ ሰር ጆን ፍሬንች ነበረ፤ እርሱም ፈረሰኛ ነበረ። በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በእርሱ ስፍራ ሰር ዳግላስ ሄግ ተተካ፤ እርሱም ፈረሰኛ ነበረ። ከሄግ በታች ሠራዊት ከመሩት ዠኔራሎች መካከልም ጐፍ፥ ቢንግና አለንቢ ከፈረሰኛ ወገን ነበሩ። በጦሩ ውስጥ ግን ከፈረሰኛው ይልቅ እግረኛውና መድፈኛው እጅግ ይበዛ ነበረ።

የፈረንሳይ ግንባር ለፈረስ የተመቸ አልነበረም። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ እስከ ስዊስ አገር ድረስ ሁለቱ ወገኖች ጕድጓድ ቈፍረው፥ እሾሃማ ሽቦ ዘርግተው፥ መትረየስ ጠምደው ተፋጠጡ። መትረየስ ባለበት ሜዳ ፈረስ ከሰው ይልቅ ትልቅ ዒላማ ነው። ሄግ ግን፦ «እግረኛው የጠላትን መሥመር ይሰብራል፤ ፈረሰኛውም በክፍተቱ ገብቶ ያሳድዳል» ብሎ ተስፋ አደረገ።

ሰኔ 24 ቀን 1908 ዓ.ም. በሶም ወንዝ አጠገብ እግረኛው ወደ ጠላት ምሽግ ተነሣ። በዚያ በአንድ ቀን ከእንግሊዝ ጦር 57 ሺህ ያህል ሰው ሞተ፥ ቈሰለ ወይም ጠፋ። ከእነርሱም ከ19 ሺህ የሚበልጡት የሞቱ ናቸው። ፈረሶቹ ከኋላ ሆነው ይጠባበቁ ነበረ፤ ክፍተቱ ግን አልተከፈተም። ይህም ሁሉ ሆኖ ውጊያው እስከ ኅዳር 1909 ዓ.ም. ድረስ አልቆመም። በየመንደሩ ያለ ልጅ አባቱን፥ በየቤቱ ያለች እናት ልጅዋን አጣች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች፦ «ጥፋቱ ሁሉ የፈረሰኞቹ ነው፤ ከኮርቻ በላይ ማሰብ የማይችሉ ሰዎች ጦሩን ያዙት» ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ ለአፍ ይቀልላል፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው። በሶም የተሰለፈውን ትልቁን ሠራዊት በቅርብ ያዘዘው ዠኔራል ራውሊንሰን ከእግረኛ ወገን ነበረ። ታንክ የተባለውን አዲስ መሣሪያ በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ውጊያ ያስገባ ደግሞ ያው ፈረሰኛው ሄግ ነው። ጦርነቱ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. በድል እስኪፈጸም ድረስም የእንግሊዝን ጦር በፈረንሳይ የመራ እርሱ ነው። ስለዚህ የሄግ ጥፋት ፈረስ መውደዱ አይደለም። ጥፋቱ በልቡ የሣለውን ውጊያ ሲጠብቅ በፊቱ ያለውን ምድር አለመቀበሉ ነው። ምድሩ በየቀኑ «አይሆንም» ሲለው፥ እርሱ «ነገ ይሆናል» አለ።

ይህን ለመረዳት የሌላውን ፈረሰኛ የአለንቢን ነገር ማየት ይበቃል። አለንቢ በፈረንሳይ ሳለ በሚያዝያ 1909 ዓ.ም. በአራስ ከተማ አጠገብ ተዋጋ። በመጀመሪያው ቀን ቀናው፤ በኋላ ግን ብዙ ሰው አለቀበት። በሰኔ ወር ከቱርክ ጦር ጋራ ወደሚዋጋው ሠራዊት ተላከ። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ አንድ ልጁ በፈረንሳይ ግንባር እንደ ሞተ ሰማ። ሐዘኑን በልቡ ይዞ ሥራውን ቀጠለ።

በአዲሱ ስፍራ አለንቢ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የአዛዡን ሰፈር ከካይሮ ከተማ አንሥቶ ወደ ግንባሩ ማቅረብ ነው። ምድሩን በዓይኑ አየ፤ ወታደሩንም ተመለከተ። ያ ምድር ሰፊና ደረቅ ስለ ሆነ ፈረስ የሚጠቅምበት ስፍራ ነበረ፤ ነገር ግን ፈረስ ያለ ውሃ አይሄድም። ስለዚህ ጥቅምት 21 ቀን 1910 ዓ.ም. የአውስትራልያ ፈረሰኞች ቤርሳቤህን ከነጕድጓድ ውሃዋ በግልቢያ ያዙ። በመስከረም 1911 ዓ.ም. ደግሞ በመጊዶ በኩል እግረኛው መሥመሩን ከሰበረ በኋላ ፈረሰኛው በክፍተቱ አልፎ የቱርክን ጦር ከኋላው ቈረጠው። ሄግ በሶም በከንቱ የተመኘው ነገር በዚያ ተፈጸመ። የአለንቢ ልብ በአራስም በመጊዶም አንድ ነው፤ የተለወጠው ምድሩ ነው። አለንቢም ምድሩ የሚሰጠውን ተቀበለ።

ታኅሣሥ 2 ቀን 1910 ዓ.ም. ይህ ፈረሰኛ ዠኔራል የኢትዮጵያ መነኰሳት በዴር ሱልጣን ወደሚኖሩባት ወደ ኢየሩሳሌም ገባ። በዚያ ቀን በፈረስ ቢገባ የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን በከተማዪቱ በር ከፈረሱ ወረደና በእግሩ ገባ። በበቅሎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ እንደሚሳለም፥ እንዲሁ አደረገ። መውጣትን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ መውረድን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የጠላት መሥመር ከተሰበረ በኋላ ፈረሰኛው ሸሺውን እያሳደደ ብዙ ጠቀመ። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ግን ጠላት በአይሮፕላንና በመርዝ ጢስ መጣ፤ በዚያ ጊዜ የፈረስ ፍጥነት ሠራዊቱን ሊያድነው አልቻለም። የተዋጊው ጀግንነት ግን በሁለቱም ቀን አልጐደለም።

ከማይጨው በኋላ አራት ዓመት አለፈና እንግሊዞች ወደ ጎጃም መጡ። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋራ ሊገናኝ ከሱዳን ገባ። እርሱ አስቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ነበረ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተሰበሰበውን ትንሽ ጦር ዊንጌት የተባለ መኰንን መራው፤ ስሙንም በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ሰየመው። ሳንድፎርድም ዊንጌትም ከመድፈኛ ወገን ነበሩ።

ፈረሰኞችም አልጠፉም። በዚያ ዘመን አንድ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ከነፈረሱ በፍልስጥኤም ተቀምጦ ነበረ። ከዚያ ክፍለ ጦር አንዳንድ መኰንኖች ፈረሳቸውን ትተው ወደ ኢትዮጵያ ዘመቱ። ከንጉሡ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ወገን የነበረው አለን የተባለው መኰንን ስንቅ የሚሸከሙትን እንስሶች የሚጠብቅ ሆነ። ከሱዳን ቆላ ከመጡት 15 ሺህ ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በዳገቱ፥ በብርዱና በድካሙ አለቁ። ማክሊን የተባለው ሌላው ፈረሰኛ ደግሞ በጎንደር በኩል የመራው የአገሩ ሰው ጭፍራ «የማክሊን እግረኛ» ተብሎ ተጠራ። እነዚህ መኰንኖች፦ «እኛ ፈረሰኞች ነን፤ ይህ ሥራ አይገባንም» ቢሉ ኖሮ ምንም ባልረቡ ነበረ።

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ቡስቴድ ከሱዳን ወታደሮች ጋራ ወደ ሞጣ ተላከ። እርሱ አስቀድሞ በሱዳን የግመለኛ ጦር አዛዥ ነበረ። ነገር ግን በደብረ ማርቆስና በሞጣ መካከል የቾቄ ተራራ አለ፤ ከፍታውም ከ4 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ግመል በዚያ ምንም አይሠራም። የሱዳን ወታደሮች የሞቃት አገር ልጆች ስለ ሆኑ የቾቄ ብርድ እጅግ ጸናባቸው። ቢሆንም ተራራውን አለፉ፤ በሞጣ ምሽግ የነበረውም የኢጣልያ ጦር እጁን ሰጠ። በሞጣ አገር የሚኖር ልጅ የቾቄን ብርድ ያውቃልና፥ ይህ ነገር እንዴት ያለ ድካም እንደ ጠየቀ ሊነግሩት አያስፈልግም።

በቢቸና ግን ሌላ ፈተና ነበረ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ወደ አባይ መሻገሪያ ይሄድ ነበረ። እንግሊዞች ይህን ጦር በላይ ዘለቀ እንዲቈርጠው ፈለጉ። ስለዚህ በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደውን ቴሲገር የተባለውን መኰንን ወደ እርሱ ላኩት። ነገር ግን ጦሩ ሳይቈረጥ አባይን ተሻገረ፤ በግንቦት ወር በአጊበር እጁን እስኪሰጥ ድረስም ሌላ ብዙ ድካም ጠየቀ። ከእንግሊዞች ወገን የጻፉ ሰዎች በላይን ወቀሱት። በቢቸና ግን ስሙ ዛሬም የጀግና ስም ነው።

ይህን ለመፍረድ የሚቸኵል ሰው አንድ ነገር ማሰብ ይገባዋል። በላይ ዘለቀ በዚያ ገደልና በረሃ በስደት ዘመን ሁሉ ከጠላት ጋራ ተዋግቶ ነበረ፤ እንግሊዞቹ ግን የመጡት በቅርቡ ነው። በቅርብ የመጣ ሰው ብዙ መሣሪያ ቢኖረው፥ ትልቅ ማዕረግም ቢኖረው፥ የአገሩን ሰው እንደ ሎሌ ሊያዝዘው አይችልም። ሊለምነው፥ ሊመክረው፥ እምነቱንም ሊያገኝ ይገባል። መተማመን እንደ ፈረስ በገንዘብ አይገዛም፤ በአንድ ወርም አይገራም።

እንግዲህ የጦር አለቃን «ፈረሰኛ ነው» ብሎ ማክበርም «ፈረሰኛ ነው» ብሎ መናቅም ፍርድ አይደለም። ሄግና አለንቢ ሁለቱም ፈረሰኞች ነበሩ። አለቃ የሚመዘነው በተቀመጠበት ኮርቻ አይደለም፤ ምድሩ «ውረድ» ሲለው ለመውረድ ባለው ትሕትና ነው። ወታደር የሚሞተው አለቃው ተሳስቶ ሲያዝዝ ብቻ አይደለም፤ አለቃው መሳሳቱን ለማየት እንቢ ሲልም ነው።

ይህ ለጦር አለቃ ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ነገ ዳኛ፥ አስተማሪ ወይም የአገር ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ ሹመቱ ለእርሱ እንደ ፈረስ ይሆናል። ከፍ ያደርገዋል፤ ወደሚፈለግበትም ስፍራ ያደርሰዋል። ሥራውን ግን አይሠራለትም። ወደ አባይ ቍልቍለት የሚወርድ ብልህ መንገደኛ ገደሉ አፍ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርዳል፥ ልጓሙንም ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው የተከተሉት ሁሉ በደኅና ይሻገራሉ።