የባንኮክ ሌሊት የተራዘመው ለማን ነው?

የታይላንድ መንግሥት በዲሴምበር 2023 (እ.ኤ.አ.) የባንኮክ የምሽት ክበቦች እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲሠሩ ሲፈቅድ፣ ዓላማው ቱሪስት መሳብ መሆኑን አልደበቀም። ውሳኔው ግን የመዝናኛ ፈቃድ ያላቸውን ቤቶችና ሆቴሎችን እንጂ፣ የራሳቸውን ዘፈን የሚጫወቱ ወጣት ባንዶች የሚያድጉባቸውን ትንንሽ ቤቶች አይመለከትም። እነዚህ በአብዛኛው በምግብ ቤት ፈቃድ ስለሚሠሩ፣ እኩለ ሌሊት ላይ መጠጥ መሸጥ ማቆም አለባቸው (በር ዘግተው የሚቀጥሉትን ሳንቆጥር)። የመዝናኛ ፈቃድ እንዳያወጡም በከተማዋ ለዚህ የተከለሉት ሰፈሮች ፓትፖንግ፣ አርሲኤና ራቻዳፒሴክ ብቻ ናቸው።

ጉዳዩ የጭፈራ ብቻ አይደለም። በኦገስት 2022 በቾንቡሪ ከ10 በላይ ሰዎችን የገደለው እሳት የተነሳው በምግብ ቤትነት ተመዝግቦ እንደ ጭፈራ ቤት ይሠራ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። በእኔ እምነት ከሰዓቱ በፊት መቅደም የነበረበት፣ ለትንንሾቹ ቤቶች አቅም የሚመጥን ፈቃድና የእሳት አደጋ ፍተሻ ነበር።