ይቅርታ ከላይ ወደ ታች

በብዙ አገር ልማድ ይቅርታ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ልጅ አባቱን፣ ሎሌ ጌታውን፣ ጸሐፊ አለቃውን ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ አባት ልጁን፣ አለቃ ጸሐፊውን ሲጠይቅ የታየው ጥቂት ነው። በሕንድ አገር የሚኖሩ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ግን በዓመት አንድ ቀን ይህን ልማድ ይገለብጡታል። ቤተ መቅደሶቻቸው በእብነ በረድ ሥራቸው ዓለምን ያስደንቃሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የዚህ ሕዝብ ትልቁ ቅርስ ይህች አንዲት ቀን ናት።

ጃይኖች በቁጥር ጥቂት ናቸው። በ2011 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በተደረገው ቆጠራ ከ1.2 ቢሊዮን ሕንዳውያን መካከል 4.5 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረውን መምህር ማሃቪራን የሚከተሉ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ትእዛዝ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ሁሉ አለመጉዳት ነው። መነኮሳታቸው በዝናም ወራት ጥቃቅን ነፍሳትን እንዳይረግጡ ሲሉ መዘዋወሩን ትተው ባንድ ስፍራ ይቀመጣሉ።

ትልቁ በዓላቸው ፓርዩሻን የሚውለውም በዚሁ ወራት ነው። ሁለት ወገን ስለ ሆኑ ነጭ ለባሾቹ 8 ቀን፣ ዲጋምባር የሚባሉት 10 ቀን ያከብሩታል። በዓል ሲባል ድግስ የሚታየን ካለን ተሳስተናል፤ በዓሉ ጾም ነው። ብርቱዎቹ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቀኖቹን ይፈጽማሉ፤ ውሃውንም ቢሆን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይነኩትም። በበዓሉ መዝጊያ ሁሉም ይቅርታ ይጠያየቃሉ፤ ሽማግሌው ሕፃኑን፣ ነጋዴው ተላላኪውን፣ ባል ሚስቱን ይጠይቃል። ነጭ ለባሾቹ «ሚቻሚ ዱካዳም» ይላሉ፤ ትርጓሜውም «የሠራሁት ክፉ ነገር ፍሬ አያፍራ» እንደ ማለት ነው።

ስለ ቤተ መቅደሶቻቸውም ወጣት ሹማምንት ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከታላላቆቹ አንዳንዶቹን ያሠሩት ነገሥታት ሳይሆኑ የመንግሥት ሹማምንት ናቸው። በአቡ ተራራ፣ ዲልዋራ በተባለው ስፍራ ካሉት አንዱን በ1031 ያሠራው ቪማል ሻህ የጉጃራት ንጉሥ ሚኒስትር ነበር፤ ያሠራውም በጦርነት ስላፈሰሰው ደም ተጸጽቶ ነው ይባላል። በደቡብ ሕንድ፣ በሽራቫናቤላጎላ ኮረብታ ላይ ከአንድ ቋጥኝ ተጠርቦ 17 ሜትር ያህል የቆመውን የባሁባሊን ምስል በ981 ገደማ ያስቀረጸው ቻቩንዳራያም የጦር አዛዥና ሚኒስትር ነበር። ባሁባሊ ወንድሙን በፍልሚያ ካሸነፈ በኋላ ዙፋኑን ትቶ እንደ መነነ ይተረካል።

አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ቻቩንዳራያ ምስሉን ሲያስመርቅ በኩራት ተሞልቶ ከራሱ ላይ ወተት ቢያፈስስ ወተቱ ከእምብርቱ በታች አልወርድ አለ። በኋላ አንዲት ድኻ አሮጊት በፍሬ ቅርፊት የያዘቻትን ጥቂት ወተት ብታፈስስ እስከ እግሩ ወረደ። የአሮጊቷ ምስል ዛሬም እዚያው ቆሞ ይታያል።

ይህ ሥነ ሥርዐት በየ12 ዓመቱ የሚደገም ሲሆን በ2018ም ተከብሯል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ማሰሮ የማፍሰስ ክብር በሐራጅ ይሸጣል። ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ቢውልም፣ ያች አሮጊት ዛሬ ብትመጣ ተራዋ መቼ ይደርሳት ነበር? የይቅርታውም ቃል በእጅ ስልክ ባንድ ጊዜ ለመቶ ሰው የሚላክ መልእክት ሆኗል፤ ከመቶው ውስጥ የተበደለው ሰው ይኑር አይኑር ማን ያጣራል?

«እንግዲያውስ ሥርዐቱ ባዶ ሆኗልና ይቅር» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። እኔ ግን አልስማማም። ኩራተኛ ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያመቸው ቀን ከቶ አይመጣለትም፤ ቀኑ ተቆርጦ ሲጠብቀው ግን ማምለጫ ያጣል።

ይህን የምለው ከራሴ ተምሬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠፋብኝና በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሰው ፊት ተቆጣኋቸው። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤው ከገዛ መሳቢያዬ ተገኘ። «ዛሬ ሰው አለ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ» እያልሁ ስውል ሳድር እርሳቸው ጡረታ ወጡ። የተቆረጠ ቀን ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየሁ ነበር።

ቤታቸው የት እንደ ሆነ አሁን ጠይቄ አውቄአለሁ። አንባቢም ያስቀየመው ሰው ከርሱ በታች ያለ እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው ቀን እስኪቆርጥለት ድረስ አይጠብቅ።