ርቀት የሚነድፈው ቤት

ለሠዓሊ ስቱዲዮ የሚነድፍ አርክቴክት ሥራውን የሚጀምረው ከመስኮቱ ነው፤ በአውሮፓ ቀኑን ሙሉ ብዙም የማይለዋወጥ ብርሃን የሚገኘው ከሰሜን በኩል በመሆኑ ሌላው ክፍል ሁሉ ይህን መስኮት ተከትሎ ይደራጃል። ለቀራፂና ለቤተሰቡ የሚነደፍ ቤት ግን ከዚህ ቢነሣ ይሳሳታል፤ ቅርፃ ቅርፅን ከቤተሰብ ኑሮ ጋር የሚያጋጨው የብርሃን ጉዳይ ሳይሆን ክብደት፣ ብናኝና ድምፅ ሲሆን፣ ሦስቱንም የሚያስታርቀው በቅድሚያ የታሰበበት ርቀት ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ዕብነ በረድ 2.7 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ሥፍራው ፎቅ ላይ ሳይሆን የጭነት መኪና በሚደርስበት ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ብናኙ ከክብደቱ ይከፋል። ግራናይትና የአሸዋ ድንጋይ ሲፈለጡ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ያለበት ደቃቅ ብናኝ ይወጣቸዋል፤ ይህም ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ ጠባሳ ያስከትላል። ስለዚህ ከስቱዲዮ በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት የሚከፈት በር፣ በንድፉ ላይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሕፃን በሚድኽበት ወለል ላይ ብናኝ ያደርሳል።

እንግሊዛዊው ቀራፂ ሄንሪ ሙር ይህን ችግር የፈታው በአንድ ታላቅ ሕንፃ አይደለም። የለንደን ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ1940 በቦምብ ከተጎዳ በኋላ ከባለቤቱ ከአይሪና ጋር ፔሪ ግሪን ወደተባለች መንደር ገባ፤ ሴት ልጃቸውም በ1946 ተወለደች። እስከ ሞተበት እስከ 1986 ድረስ ባሉት ዓመታት የሥራ ቤቶቹ በግቢው ውስጥ አንድ በአንድ ተበራከቱ፦ በእጅ የሚያዘው ትንሽ የጀሶ ሞዴል ለብቻው ክፍል ነበረው፤ ግዙፉ ሥራ ደግሞ ብርሃን በሚያስገባ ላስቲክ በተሸፈነ ዳስ ውስጥ፣ ከመኖሪያው ራቅ ብሎ ይሠራ ነበር።

ሆኖም የሙር ርቀት የቆመው ቤቱን የሚይዝ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ግቢውን ማድነቅ ጉዳዩን ማድበስበስ ይሆናል። በ1934 ሦስት መንትዮች የወለደችው እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ባርባራ ሄፕወርዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት ኮርንዎል ውስጥ ቀኑን በልጆችና በቤት ሥራ ስታሳልፍ የቀራት ሌሊቱ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም የምትሠራው ንድፍና ጥቂት ትናንሽ የጀሶ ሥራዎችን ነበር። ልጅ ለሚጠብቅ ቀራፂ ሩቅ ስቱዲዮ የተዘጋ ስቱዲዮ ነው። እንግዲህ ርቀቱ አንድ ወጥ ሳይሆን በደረጃ የተከፈለ መሆን አለበት፤ ጭቃና ትንሽ ሞዴል የልጆች ድምፅ ከሚሰማበት ጎን፣ መሮና ድንጋይ ደግሞ ከግቢው ጫፍ ይሁኑ።

ብዙዎች አርአያ የሚያደርጉት በኮርንዎል፣ ሴንት አይቭስ የሚገኘው የሄፕወርዝ ትሬዊን ስቱዲዮ፣ በ1949 የተገዛ ሲሆን ለቤተሰብ ቤት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ጠቅልላ የገባችው ትዳሯ በፈረሰበት ወቅት ነውና። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፦ ሥራዋ ሲተልቅ ግቢው ስለጠበባት በ1961 ከመንገዱ ማዶ የነበረ አሮጌ የዳንስ አዳራሽ ገዛች። የክፍሎቹን ልክ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ድንጋይ ለሚያወርድ መኪና የሚበቃ በርና ያልተገነባ መሬት ግን በመጀመሪያው ንድፍ ካልተተወ ኋላ የሚገኘው ጎረቤት ሲሸጥ ብቻ ነው።