የሊፍቱ ቁልፍ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ አንድ ሕንፃ ሄጄ ሊፍቱ አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ መሀል ቀጥ አለ። መብራት ጠፍቶ ነው። ውስጥ አራት ነበርን። ኔትወርክ የለም፤ የአደጋ ደወሉን ብንጫነው ዝም። ብዙ ከቆየን በኋላ በሩ ተንቋቋና ከእግራችን በታች የጥበቃው ፊት ብቅ አለ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አባት ናቸው። "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ዝለሉ፣ እኔ እይዛችኋለሁ" አሉን። ዘለልን።

ቆይቼ ነው የደነገጥኩት። ሊፍቱ መሀል ላይ ሲቆም ከወለሉ በታች ያለው ክፍተት በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው የሚወስደው። የዘለለ ሰው ወደ ኋላ ሸርተት ካለ እሳቸውንም ይዞ ይወርዳል። "ጋሼ፣ ይሄን ሥራ ማን አሠለጠነዎት?" ስላቸው ሳቁ። "ኧረ ማን ያሠለጥነኛል ልጄ፣ ቁልፉን ሰጡኝ።"

ሁላችንም የምንፈራው ገመዱ ይበጠሳል ብለን ነው (ፊልም አበላሽቶናል)። ሊፍት ግን ብዙ ገመድ አለው፤ ከልክ በላይ ከፈጠነም ሐዲዱን ጨምድዶ የሚይዝ ፍሬን አለው። ሰው የሚበላው በሩ ነው። ሊፍቱ ሳይኖር የሚከፈት በር፣ የበሩ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ "ለጊዜው" ተብሎ በሽቦ የሚታለፍ ነገር፣ በግንባታ ላይ ደግሞ በአንዲት ጣውላ ብቻ የተጋረደ የሊፍት ጉድጓድ።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። የጡረታ ወይም የኢንሹራንስ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ከሆነ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። እንግዲህ አስሉት። ጥበቃው በወር 4,000 ብር ያገኛሉ እንበል፤ በዓመት 48,000፣ በአምስት ዓመት 240,000 ብር። የአንድ ሰው ቀሪ ዕድሜ ይሄው ነው።

ይሄም ራሱ የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው? ብዙ ጥበቃዎች የሚቀጠሩት በኤጀንሲ ነው። አሠሪያቸው ኤጀንሲው እንጂ ሕንፃው አይደለም። የሊፍት ጥገና ውል ሳይገባ ገንዘብ የሚቆጥበው ባለ ሕንፃው፣ አደጋው የሚደርሰው በሌላ ሰው ሠራተኛ ላይ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ "ውጫዊ ወጪ" ተምሬ እንደዚህ ጥርት ያለ ምሳሌ አላየሁም። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱን በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ ወስዶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ አለ፤ ባለ ሕንፃው እሱን የሚገዛበት ምክንያት ግን አይታየውም። ጋሼ አሉለታ!

ስለዚህ ጥያቄው ተቆጣጣሪው ላይ ይወድቃል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ደንብ በሥራ ቦታ ሰው የሚጭን ሊፍት በየ6 ወሩ በባለሙያ እንዲመረመር ያዛል፤ በቢሮና በሱቅ ይህን የሚያስከብረው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። የእኛ ወረዳ ሰው የለውም እንዳንል ደንብ አስከባሪው የጎዳና ነጋዴ ሲያባርር በየቀኑ እናያለን። ያ ሁሉ እግር ፌስታል ከሚያሳድድ ሕንፃ ገብቶ አንድ ወረቀት ቢጠይቅ ምን አለበት? ሊፍቱ መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? በማን? ወረቀቱ ሊፍቱ ውስጥ ይለጠፍ፤ ቀኑ ካለፈ ሊፍቱ ይታሸግ። ባለሙያ መሐንዲስም አያስፈልገው፣ ቀን ማንበብ ይበቃል። ቅጣቱ ደግሞ በኤጀንሲው ሳይሆን በባለ ሕንፃው ላይ ይሁን።

እስከዚያው ሊፍት መሀል ላይ ከቆመባችሁ አትዝለሉ። አየር አያልቅም። ተቀመጡ፣ ኔትወርክ ካለ የሕንፃውን አስተዳደር ጥሩ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። አንድ አባት ቁልፍ ይዘው ከመጡም "ጋሼ፣ ይተዉት፣ ባለሙያ ይምጣ" በሏቸው።